ቀብድ ከፍሎ የጠፋው ደንበኛ

ባለፈው ሳምንት በዚህ ዓምድ ስለ ደመወዝና ስለ ብድር ስንጨዋወት፣ «በሚቀጥለው ደግሞ እኔው ራሴ ባለዕዳ ሆኜ የተገኘሁበትን ነገር አጫውታችኋለሁ» ብዬ ነበር። ሌላውን መምከር ቀላል ነው፤ በራስ ላይ መመስከር ግን እንደ ኮሶ ይመራል። ሆኖም ቃል ገብቶ መቅረት ነውር ነውና እነሆ ጀመርሁ።

ከሽሮ ሜዳ ዝቅ ብሎ በሚገኝ አንድ ሰፈር አንዲት ሠዓሊ ይኖራሉ። ስማቸውን አልጠራም፤ እርሳቸውም ቢጠራ አይወዱም። ዕድሜያቸው ወደ ሃምሳ ይጠጋል። የሰፈሩ ሰው «እትዬ» ይላቸዋል፤ እኔም እንደዚያው እላቸዋለሁ። ጥልፍን ከእናታቸው፣ ሥዕልን ቀን በጽሕፈት ሥራ እየዋሉ በማታ ትምህርት የተማሩ ናቸው። ሥራቸው ሁለት ነው፤ በትእዛዝ የሰው መልክ ይሥላሉ፤ በትእዛዝ ልብስ ይጠልፋሉ። ቤታቸው አንዲት ክፍል ብትሆንም ለሁለት የተከፈለች ናት። በሰሜን በኩል ካለው መስኮት አጠገብ ሸራው የሚቆምበት ባለ ሦስት እግር እንጨት አለ፤ በበሩ በኩል ደግሞ የጥልፉ ጠረጴዛ ተቀምጧል።

ሠዓሊዎች የሰሜን መስኮት የሚወዱበት ምክንያት ፀሐይ በቀጥታ ስለማትገባበትና ብርሃኑ ቀኑን ሙሉ ብዙ ስለማይለዋወጥ ነው። ይህ ግን ለአውሮፓ ሠዓሊ እንጂ ለአዲስ አበባ ሠዓሊ ሁልጊዜ አይሠራም። ከሚያዝያ መጀመሪያ አንሥቶ እስከ ነሐሴ መገባደጃ የቀትር ፀሐይ በእኛ ሰማይ ላይ ወደ ሰሜን ታዘነብላለችና። ስለዚህ እትዬ በእነዚያ ወራት መስኮቱ ላይ ነጭ ነጠላ ይሰቅላሉ። «ፀሐይዋም እንደ ደንበኛ ናት፤ ፊቷን ትለዋውጣለች» ይላሉ።

በዚህ ሰሞን ስጎበኛቸው ሦስት ሸራዎች ተጀምረው አየሁ። አንደኛው በጡረታ የተገለሉ የአንድ መምህር መልክ ነው፤ ያዘዙት የጥንት ተማሪዎቻቸው ገንዘብ አዋጥተው ነው። ሁለተኛው የሙሽሮች ነው። ሦስተኛው ግን ልብ የሚነካ ነው። ዱባይ ሄዳ በሰው ቤት የምትሠራ አንዲት እናት፣ እዚህ ከአያቷ ጋር የቀረችውን ልጇን ታቅፋ የሚያሳይ ሥዕል አዝዛለች። እናትና ልጅ አብረው የተነሡት ፎቶግራፍ የላቸውም። እናቲቱ የራሷን ፎቶግራፍ ከዚያ ላከች፤ የልጅቱም እዚህ ተነሣ።

አንባቢዎቼ፣ ምን ችግር አለው፣ ሁለቱን አጠጋግቶ መሣል ነው ትሉ ይሆናል። እኔም ብዬ ነበር። እትዬ ግን ሁለቱን ፎቶግራፎች ጎን ለጎን አስቀምጠው አሳዩኝ። በእናቲቱ ፊት ላይ ብርሃኑ ከቀኝ ይመጣል፤ በልጅቱ ፊት ላይ ከግራ። እንዳሉ ቢሣሉ ሁለት ፀሐይ ባለበት ዓለም የተቀመጡ ይመስላሉ፤ የሚያያቸውም ሰው ምክንያቱን ባያውቀው እንኳ «አብረው አልነበሩም» ብሎ ልቡ ይነግረዋል። ስለዚህ የአንዷን ጥላ በሙሉ አዛውሮ እንደገና መሣል ያስፈልጋል። ይህ በፎቶግራፉ ላይ የሌለ ነገር ነውና ከዕውቀት እንጂ ከመቅዳት አይገኝም።

በጥልፉ ጠረጴዛ ላይ ደግሞ የአንዲት ሙሽራ ቀሚስ ደረትና የአንድ ካባ ኮሌታ ነበሩ። እዚህ ላይ ብዙዎቻችን የምንሳሳተውን ነገር ላስታውስ። ጥለትና ጥልፍ አንድ አይደሉም። ጥለት ሸማኔው ልብሱን ሲሠራ በቀለም ክር አብሮ የሚሸምነው ነው፤ ከጨርቁ ጋር ይወለዳል። ጥልፍ ግን ጨርቁ ተሠርቶ ካለቀ በኋላ በመርፌ የሚጨመር ነው። አንድ የሐበሻ ቀሚስ ሁለቱንም ሊይዝ ይችላል፤ ከታች ጥለት፣ ከደረቱ ጥልፍ። በፈረንሳይ አገር በባዩ ከተማ ሲጠበቅ የኖረውን፣ ርዝመቱ 70 ሜትር ያህል የሆነውን፣ የ1066 እ.ኤ.አ. የእንግሊዝን ጦርነት ታሪክ የሚያሳየውን ዝነኛ ጨርቅ እንኳ ብዙ ሰው የሽመና ሥራ ይመስለዋል፤ እርሱ ግን በተልባ እግር ጨርቅ ላይ በሱፍ ክር የተጠለፈ ነው።

የካባው ወርቀ ዘቦ ክር አሠራርም ልዩ ነው። ወርቃማው ክር ጨርቁን እየበሳ ቢመላለስ ይፋቃል። ስለዚህ በላዩ ላይ ይነጠፍና በሌላ ቀጭን ክር እዚህም እዚያም እየተያዘ ይታሰራል። የሚታየው ወርቁ ነው፤ የያዘው ግን የማይታየው ክር ነው። በመሥሪያ ቤት ዝቅተኛ ወንበር ላይ የተቀመጣችሁ ወዳጆቼ፣ ይህ ነገር እናንተን የሚመስል ከሆነ እኔ የለሁበትም።

«ሁለት ሥራ ለምን ያዙ? አንዱን አጥብቆ መያዝ አይሻልም?» ብዬ ጠይቄአቸው ነበር። መልሳቸው የቀን መቁጠሪያ ነበር። ሠርግ በጥር ይበዛል፤ ዐቢይ ጾም ሲገባ ይቆማል፤ ከፋሲካ በኋላ እንደገና ይነሣል። የጥልፍ ሥራም ከሠርጉ ጋር ይነሣል፤ ከሠርጉ ጋር ይተኛል። የሥዕል ትእዛዝ ደግሞ በሰኔና በሐምሌ፣ በምረቃ ጊዜ ይመጣል። ከዚህም ሌላ የዘይት ቀለም የሚለወሰው በተልባ ዘይት ነው፤ ይኸው እኛ በጾም የምንጠጣው ተልባ። ይህም ዘይት ቶሎ አይደርቅም፤ ስስ ሆኖ የተቀባው እንኳ እጅ እስኪነካው ድረስ ብዙ ቀን ይፈልጋል። የታችኛው ሳይደርቅ በላዩ ቢደረብበት ቀለሙ ይደፈርሳል፤ ውሎ አድሮም ይሰነጠቃል። እንግዲህ ሸራው ሲደርቅ እጅ ምን ይሥራ? መርፌ ይይዛል።

ሰውን በትእዛዝ መሣል በአገራችን እንግዳ ነገር አይደለም። በ18ኛው መቶ ዓመት እቴጌ ምንትዋብ በጣና ሐይቅ በደቅ ደሴት ናርጋ ሥላሴን ሲያሠሩ፣ ሠዓሊው እቴጌይቱን በእመቤታችን እግር ሥር ተደፍተው ሥሏቸዋል። ሥዕል ያሠራ ሰው በሥዕሉ ግርጌ መታየቱ የቆየ ልማድ ነው። ኋላም አገኘሁ እንግዳ ፓሪስ ተምረው ተመልሰው የዘመኑን መኳንንት መልክ በዘይት ቀለም ሣሉ። አለ ፈለገ ሰላም ቺካጎ ተምረው ከመጡ በኋላ በ1950 ዓ.ም. ገደማ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤቱን አቋቋሙ፤ ትምህርት ቤቱም ዛሬ በስማቸው ይጠራል። በ1925 ዓ.ም. አንኮበር የተወለዱት አፈወርቅ ተክሌ ወደ እንግሊዝ የተላኩት የማዕድን ምህንድስና እንዲማሩ ነበር፤ ሠዓሊ ሆነው ተመለሱና በአፍሪካ አዳራሽ 150 ካሬ ሜትር የሚሆነውን ባለቀለም የመስተዋት ሥዕል ሠሩ። እንግዲህ ከእናንተ መካከል ሳይወድ በሌላ ትምህርት የተመደበ ካለ ይህን ይያዝልኝ።

መርፌና ክርም ቢሆን ከብሩሽ ያነሰ አይደለም። በ1982 ዓ.ም. ከዚሁ ትምህርት ቤት የተመረቀው ኤልያስ ስሜ በሸራ ላይ ክር እየሰፋ፣ አዝራርና የተጣለ የኤሌክትሮኒክስ ሽቦ እየገጣጠመ የሠራቸው ሥራዎች በዓለም ትልልቅ ሙዚየሞች ታይተዋል፤ በ2014 ዓ.ም. በቬኒስ ዓለም አቀፍ ትርኢትም ቀርበዋል። ስለዚህ «ጥልፍ የሴት ጓዳ ሥራ ነው» የሚል ሰው ቢያጋጥማችሁ አትከራከሩት፤ እስኪያይ ብቻ ጠብቁት።

አሁን ወደ ራሴ ጉድ ልመለስ።

አባቴ ካረፉ ሦስት ዓመት ሆናቸው። በሕይወት ሳሉ 22 ዓመት ሙሉ በአንድ ትምህርት ቤት ዘበኛ ነበሩ። የቀረልን ፎቶግራፍ የመታወቂያቸው ብቻ ነው፤ ስፋቱ ከአውራ ጣት ጥፍር ብዙም አይበልጥም። እኔም የእጮኛዬ ወላጆች ከፋሲካ በኋላ ቤታችንን ሊያዩ እንደሚመጡ በሰማሁ ጊዜ፣ በግድግዳችን ላይ የአባቴ ሥዕል እንዲኖር ፈለግሁ። በጥቅምት ፎቶግራፏን ይዤ ወደ እትዬ ሄድሁ።

«በሙሉ ልብስና በክራቫት አድርገው ይሣሉልኝ። ፊታቸውንም ጥቂት ቀላ ያድርጉት፤ ግንባራቸው ላይ ያለው ጠባሳም ባይኖር ደስ ይለኛል» አልኋቸው።

«አባትህ ክራቫት ያስሩ ነበር?»

«የለም።»

«ኮትስ?»

«ካፖርት ነበራቸው፤ የዘበኛ ካፖርት።»

ፎቶግራፏን አተኩረው አዩና «እንግዲያስ ልጄ፣ የማንን አባት ልሥራልህ?» አሉኝ።

አንባቢዎቼ፣ ተቆጣሁ። «ከፋዩ እኔ አይደለሁምን?» እስከ ማለት ደረስሁ። እርሳቸው ግን አልተቆጡም። «ልክ ነህ፤ ትእዛዝ ትእዛዝ ነው፤ እሠራዋለሁ። ነገር ግን እናትህ ንድፉን ሳያዩ ቀለም አልነካም። ሲመጡም ከአባትህ ዕቃ አንድ ነገር ይዘው ይምጡ» አሉኝ። ግማሹን ዋጋ ቀብድ ከፍዬ ወጣሁ።

በኅዳር እናቴን ይዤ ሄድሁ። ንድፉ በከሰል ተሠርቶ ቆሟል፤ ሙሉ ልብስ፣ ክራቫት፣ ጠባሳ የሌለው ግንባር። እናቴ መነጽራቸውን አድርገው ብዙ ጊዜ ተመለከቱ። ከዚያም በትሕትና «መልካም ሰው ይመስላሉ። ማን ናቸው?» ብለው ጠየቁ።

ያን ጊዜ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድሁ። እናቴ ግን ነገሩ ሲገባቸው አልወቀሱኝም። በብብታቸው ይዘውት የመጡትን የአባቴን ጋቢ ፈትተው በጭናቸው ላይ ዘረጉት። «ሌሊት ለጥበቃ ሲወጡ ካፖርቱን ከላይ፣ ይህን ከውስጥ ይለብሱት ነበር» አሉ ለእትዬ። «ጧት ሲገቡ ካፖርቱን አውልቀው፣ ጋቢው ሙቀቱ ሳይወጣ ይህን ልጅ ይጠቀልሉበት ነበር።»

እኔ ይህን አላውቅም ነበር። «በጋቢው ይሁን፤ ጠባሳውም ይግባ» ብዬ ቀና ሳልል ተናገርሁ።

እንግዲህ እትዬ ንድፉን ደምስሰው እንደገና ጀመሩ። የጠፋው ቀን የእኔ ጥፋት ነበርና ዋጋው ጥቂት ተጨመረበት፤ እኔም ይህን ሁሉ ካየሁ በኋላ እንኳ አጉረመረምሁ። ሥዕሉ በታኅሣሥ መጨረሻ አለቀ። ሄጄ አየሁት። አባቴ ነበሩ። ሌላ ምን ልበላችሁ? «ደመወዝ ሲወጣ ቀሪውን ይዤ እመጣለሁ» ብዬ ወጣሁ።

ደመወዝ ወጣ። ዕቁብ ነበር፤ የቤት ኪራይ ነበር፤ የቆየ ብድር ነበር። በሚቀጥለውም ወር እንዲሁ። ስልካቸው ሲጠራ ድምፁን አጠፋው ጀመር። በሰፈራቸው በኩል ማለፍ ትቼ በሌላ መንገድ ዞርሁ። እናቴ «ሥዕሉስ?» ሲሉኝ «ቀለሙ አልደረቀም» እያልሁ ወራት አሳለፍሁ። «የምን ቀለም ነው ሁዳዴ ተይዞ የሚፈታበት ድረስ የማይደርቅ?» አሉኝ በመጨረሻ።

በሚያዝያ፣ የእንግዶቹ መምጫ ሲቃረብ፣ አፍሬም ፈርቼም ሄድሁ። እትዬ ጥልፋቸው ላይ ነበሩ። ሰላም ብለውኝ ወንበር አቀረቡልኝ። ዐይኔ ሥዕሉን ቢፈልግ፣ ፊቱ ወደ ግድግዳ ተመልሶ ቆሟል።

«ምነው አዞሩት?» አልሁ።

«ቀኑን ሙሉ ያዩኛል። እኔስ ምን ልበላቸው? ልጅዎ አልመጣም ልበላቸው?»

ዝም አልሁ። እርሳቸውም መርፌያቸውን ሳያቆሙ ይህን ነገሩኝ፤ እኔም ለእናንተ ልነግራችሁ የፈለግሁት ዋናው ነገር ይህ ነው።

«ይህን ቀሚስ ያዘዘች ሙሽራ ብትቀር፣ አዝናለሁ እንጂ አልጎዳም። ከወገቡ አጥብቤ፣ ከታች አሳጥሬ፣ በሌላው ጥር ለሌላ ሙሽራ እሸጠዋለሁ። የአንተን አባት ግን ማን ይገዛኛል? የሰው መልክ በዓለም ላይ አንድ ገዢ ብቻ ነው ያለው። እርሱ ከቀረ ሸራው አይሸጥ፣ አይጣል፣ አይታጠብ። እነዚህን አራት ወራት አባትህን ያስቀመጣቸው፣ የዚህን ቤት ኪራይ የከፈለው የሌላ ሰው ቀሚስ ነው።»

አንባቢዎቼ፣ በመሥሪያ ቤት ፋይል ሳዘገይ፣ የባለጉዳይን ወረቀት «ነገ ና» ብዬ ሳሳድር፣ ከወረቀቱ በስተኋላ ሰው እንዳለ ይነግሩኝ ነበር፤ አልገባኝም ነበር። ያን ቀን ገባኝ። በማግሥቱ የዕቁባችንን ዳኛ ለምኜ፣ ዕጣው ከደረሰው ጓደኛዬ ጋር ተራ ተለዋውጬ፣ ቀሪውን ሒሳብ በሙሉ ከፈልሁ። እትዬ ገንዘቡን ቆጥረው ተቀበሉና ሥዕሉን በነጭ ጨርቅ ጠቀለሉልኝ። «የሚያብለጨልጨውን መጠበቂያ ቅባት ገና አልቀባሁትም፤ ዘይቱ ውስጥ ድረስ እስኪደርቅ ስድስት ወር ያህል ይፈልጋል። በሐምሌ መልሰህ አምጣው» አሉኝ። እንዲህ በመሆኑ ለእናቴ የነገርሁት ውሸት ግማሹ እውነት ሆኖ ተገኘ፤ እንደ ውሸታም ሁሉ በዚህም ትንሽ ደስ አለኝ።

እንግዶቹም መጡ። የእጮኛዬ አባት ገና እንደ ተቀመጡ ቀና ብለው «እኚህ ማን ናቸው?» አሉ። «አባቴ ናቸው። የትምህርት ቤት ዘበኛ ነበሩ» አልሁ። በእንግዳ ፊት ይህን ስናገር የመጀመሪያዬ ነበር። ሽማግሌው «ነፍሳቸውን ይማር» ብለው ቡናቸውን ተቀበሉ። ነገሩ ይኸው ነበር። ዕድሜዬን ሙሉ ስፈራው የኖርሁት ነገር አንድ ስኒ ቡና የሚቀዳበትን ጊዜ ያህል እንኳ አልፈጀም።

እንግዲህ ሥዕል ለማሠራት ለምታስቡ ከስሕተቴ ያገኘሁትን ምክር ላካፍላችሁ። አስቀድማችሁ ዋጋውን፣ የሸራውን ስፋትና የሚያልቅበትን ቀን በወረቀት ተዋዋሉ፤ ቀብዱንም የቀሪውንም መክፈያ ቀን ጻፉበት። ፎቶግራፍ የምታነሡ ከሆነ ሰውየውን ከመስኮት አጠገብ በጎን አስቀምጣችሁ አንሡት፤ የስልክ መብራት ፊት ለፊት ሲበራ ጥላውን ሁሉ ያጠፋና ፊትን እንደ እንጀራ ምጣድ ዝርግ ያደርገዋል። ወላጆቻችሁ በሕይወት ካሉ ዛሬውኑ አንሷቸው፤ የመታወቂያ ፎቶግራፍ ብቻ እስኪቀር አትጠብቁ። ጠባሳና ሽበት ይጥፋልኝ አትበሉ፤ የሚያውቃቸው ሰው የሚፈልገው እርሱኑ ነው። ሠዓሊውን አታጣድፉ፤ ተልባው የሚደርቀው በራሱ ጊዜ ነው።

ሥዕል የምትሞክሩ ተማሪዎች ደግሞ ሁለት ነገር ያዙ። አንደኛው፣ ዐይን ከአናት እስከ አገጭ ባለው ርቀት መካከል ላይ እንደሚገኝ አስታውሱ፤ ጀማሪ ሁሉ ወደ ላይ ይሰቅለዋል። በመስተዋት ፊት ቆማችሁ ለኩት። ሁለተኛው፣ ከጥበባችሁ ጎን እንጀራ የሚያመጣ የእጅ ሥራ ማወቅን አትናቁ። ለእትዬ መርፌው ብሩሹን አልቀማውም፤ አቆየው እንጂ።

እርሳቸው ዛሬም እዚያው ናቸው። የዱባይዋ እናት ጥላዋ እየዞረ ነው፤ ባለፈው ሳምንት ሳያት ብርሃኑ ከልጇ ጋር ከአንድ መስኮት መጥቶ ነበር። እትዬ ቀሪ ሒሳብ እንዳለባት ስጠይቃቸው «እርሷ በየወሩ ሳታጓድል ትልካለች። የሚጠፉት በቅርብ ያሉት ናቸው» ብለው ወደ እኔ ተመለከቱ።

ከእናንተ መካከል ቀብድ ከፍሎ የጠፋ ካለ፣ የልብስ ሰፊም ይሁን የመጽሐፍ ጠራዥ ዕዳ፣ ይህን መጽሔት አጥፎ አሁኑኑ ይነሣ። የሚቀጥለው ሳምንት ጨዋታችን እርሱ ሲመለስ ይደርሳል። እስከዚያው ደኅና ሰንብቱ።